ስድስት ኪሎ ወይስ ኮሪያ? ብልባላ ጠይቀን መጣን



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ማስተርስ ነው። «አንቺን ደግሞ ማስተርስ ምን አገባሽ?» የምትሉኝ አትጠፉም፤ እውነታችሁን ነው። እኔ ከ12ኛ ክፍል ወዲያ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ነጥብ አልመጣልኝም። ብዕሬን ይዤ ከጋዜጣ ጋዜጣ መዞር ጀመርኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዞራለሁ። ቢሆንም ዳኛ ያልሆነም ሰው ሙግት ይሰማል፤ እኔም የሰማሁትን አንድ ሙግት ልንገራችሁ። መንግሥት ቤት ተቀጥራችሁ «ምን ልማር? የት ልማር?» እያላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ ካላችሁ ጆሯችሁን ወዲህ በሉ።

አንዲት የልብ ጓደኛ አለችኝ። የብልባላ ልጅ ናት። ብልባላ የት ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የምትገኝ የላስታ ከተማ ናት። ጓደኛዬ እዚያ ፊደል ቆጥራ፣ ላሊበላ ቤት ተከራይታ እናቷ በምትልክላት ስንቅ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በዲግሪ ተመርቃ፣ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ባለሙያ» ሆና ተቀጠረች። ባለሙያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃት «ሌላ ሰው የወሰነውን በጥሩ አማርኛ የሚጽፍ ማለት ነው» አለችኝ።

ይኼ ነገር ሳያንገበግባት አልቀረም፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን በፐብሊክ ፖሊሲ ልትማር ቆርጣ ተነሳች። አመለከተች፣ ተፈተነች፣ ተጠየቀች። እግዜር ሲሰጥ በሁለት እጁ ነውና ሁለት ቦታ ተቀበሏት። አንደኛው ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፤ በማታው ክፍለ ጊዜ፣ ሥራዋን ሳትለቅ፣ ከኪሷ እየከፈለች። ሁለተኛው ኮሪያ! ኬ.ዲ.አይ. ስኩል የሚባለው የፐብሊክ ፖሊሲና ማኔጅመንት ትምህርት ቤት፤ የትምህርቱም፣ የመኖሪያውም፣ የአውሮፕላኑም ወጪ በኮሪያ መንግሥት ተሸፍኖ። የኮሪያው መልስ የደረሳት በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው።

ለእኔ ብጤው ይኼ ምርጫ አይደለም። አውሮፕላን! በነጻ! ከነአበሉ! «ሂጂ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት። እሷ ግን «እናቴን ሳልጠይቅ አልወስንም» አለች። እኔም ላሊበላን በፖስት ካርድ እንጂ በዐይኔ አይቼው ስለማላውቅ አብሬያት ተነሳሁ።

ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ተገኘን። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ገባ፤ ጣርማ በር ጣሊያን የቀደደውን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ጋቢያችንን አወለቅን፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ መስኮት ክፈቱ አትክፈቱ ጠብ ተነሳ። (መስኮት ሲከፈት የሚታመም ሰው የሌለበት አውቶቡስ አገራችን ውስጥ የለም።) ደሴ አደርን። በማግስቱ በሐይቅና በመርሳ አድርገን ወልድያ፤ ከወልድያ ዳገቱን ወጥተን ጋሸና። ጋሸና በ2014ቱ ጦርነት ከባድ ውጊያ ያስተናገደች ከተማ ናት። የተቃጠለ ብረት ከመንገዱ ዳር ገና አልተነሳም ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ እዚያች ላይ ዝም አለ፤ ካለፍናት በኋላ ነው ወሬው እንደገና የቀጠለው።

ጓደኛዬ መንገዱን ሙሉ የሁለቱን ትምህርት ቤቶች የኮርስ ዝርዝር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር። እኔም ጊዜዬን ላሳልፍ ብዬ ጠየቅኳት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ተማርኩ ማለት ይቻላል! ለካ ሰው «ፐብሊክ ፖሊሲ» እያለ ባንድ ቃል የሚጠራው ትምህርት ውስጡ የተለያየ ነው። በዓለም ልማድ «ፐብሊክ ፖሊሲ» የተባለው ችግርን በቁጥርና በኢኮኖሚክስ ወደ መመርመር ያዘነብላል፤ «ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን» የተባለው ደግሞ መሥሪያ ቤትን፣ በጀትንና ሠራተኛን ወደ ማስተዳደር። የስድስት ኪሎው ፕሮግራም ስሙ «ፐብሊክ ማኔጅመንት ኤንድ ፖሊሲ» ነው፤ ሁለቱንም አጋብቷል። ኮሪያዎቹ ዘንድ ፖሊሲው፣ የልማት ፖሊሲውና ማኔጅመንቱ ለየብቻቸው ሦስት ማስተርስ ናቸው። ስለዚህ «ፐብሊክ ፖሊሲ ልማር ነው» ያለ ሰው ካጋጠማችሁ «የትኛውን?» በሉት። ካልመለሰላችሁ ገና አልመረጠም ማለት ነው።

ስድስት ኪሎ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቀን ቢሮ የምታየውን ማታ ክፍል ውስጥ ትማራለች፤ አጠገቧ የሚቀመጠው የሌላ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው፤ ነገ አንድ ደብዳቤ ሲቆምባት የምትደውልለት ሰው አገኘች ማለት ነው። ይኼን ቀላል አታድርጉት! አገራችን ውስጥ ከደብዳቤው ይልቅ ስልኩ ይፈጥናል። መመረቂያ ጽሑፏንም ስለ አገሯ፣ በአገሯ መረጃ ትሠራለች። ጉዳቱስ? ማታ 2 ሰዓት ከሥራ ደክማ የምትማረው ትምህርት ነው፤ ሁለት ዓመት የተባለው ሲጎተት ሦስት የሚሞላባቸው ብዙ ናቸው።

ኮሪያ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ትምህርት ቤቱ የወጣው ከኮሪያ የልማት ጥናት ተቋም ነው፤ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1971 ተቋቁሞ የኮሪያን የአምስት ዓመት ዕቅዶች ሲያጠና የኖረ ነው። ትምህርት ቤቱ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ አሁን ያለው ሴጆንግ በምትባል ከተማ ነው። ሴጆንግ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ከሴኡል እየነቀሉ እንዲገቡባት ሆን ተብላ የተሠራች ከተማ ናት፤ መሥሪያ ቤቶቹ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ገብተውባታል። አስቡት እንግዲህ፣ የከተማው ጎረቤት ሁሉ ባለሙያ ነው! «ቡና ቤቱም ውስጥ ሰርኩላር ይነበባል ማለት ነው» ብላት በሳቅ ፈነዳች።

እግረ መንገዴን፣ አማራጩ እነዚህ ሁለቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ አገራችን በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተመሠረተው የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ለመንግሥት ሠራተኛ የታሰበ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ግሪፕስ የሚባል የፖሊሲ ጥናት ተቋም አለ፤ የጃፓን ምሁራን ከአቶ መለስ ዜናዊ ጋር ስለ ኢንዱስትሪ ፖሊሲ ሲነጋገሩ የነበሩት ከዚህ ተቋም ነው፤ እኛ አገር «ካይዘን» የሚለው ቃል በየግድግዳው የተለጠፈው በዚያ ዘመን መሆኑን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሄግ እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል። ጀርመኖች በሔልሙት ሽሚት ስም ለፐብሊክ ፖሊሲ የሚሰጡት ስኮላርሺፕ አለ፤ እንግሊዞች ቼቭኒንግ አላቸው፤ ቼቭኒንግ ስትጨርሱ አገራችሁ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት እንድትቆዩ ያስገድዳል። የሚፈልግ ይፈልግ። እኔ ወደ ብልባላ ልመለስ።

ላሊበላ አንድ ሌሊት አደርን። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ስምንት ወር ሊሞላው ነው፤ ግን ቱሪስት ገና አልተመለሰም። አስጎብኚዎቹ እኔን እንኳ በእንግሊዝኛ ሰላም አሉኝ፤ ያን ያህል ናፍቋቸዋል። በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ብልባላ አቀናን። ድንጋዩ እንደ መደርደሪያ ተደራርቦ ተራራ የሆነበት አገር ነው፤ ከድንጋዩ መሐል እጅ የምታህል መሬት ከተገኘች ታርሳለች፤ ካልታረሰች ደግሞ እርከን ተሠርቶባታል። እርከኑን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የደረስነው ሰኔ 22 ቀን ማታ ነው። እናቷ ደጅ ቆመው ሲጠብቁን ነበር፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፤ እኔንም አቅፈው «እኔን! እኔን!» አሉ፤ ምን እንዳደረግኩላቸው ባላውቅም አብሬ አለቀስኩ። የሐዋርያት ጾም ስለነበረ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ» እያሉ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ።

ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ኮሪያ ልትሄድ ነው ሲባል አንድ ሽማግሌ ደንገጥ ብለው «ዘመቻው አላለቀም እንዴ?» አሉ። አልፈርድባቸውም! ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ወታደር እዚያ ደርሷል፤ በላስታ ሽማግሌ ጆሮ ኮሪያ ማለት እስከ ዛሬ ጦር ሜዳ ነው። «አይ አባባ፣ ለትምህርት ነው» ተባሉ። «ምን ትምህርት?» «ፖሊሲ»።

እናቷ «ፖሊሲ ማለት ምንድን ነው ልጄ?» አሉ።

ጓደኛዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። «መንግሥት ስለ ሕዝቡ የሚወስነው ነገር ነው እማዬ። ማን ምን እንዲያገኝ፣ ማን የት እንዲኖር…»

«ኧኸ፤ እንደ ሰፈራው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ የከተማ ልጅ ምን እንደተባለ አልገባኝም ነበር፤ ኋላ ነው የነገረችኝ። በ1977ቱ ረሃብና በተከታዩ ዓመት ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከልና ወደ ሌላም ቦታ አጓጉዞ አስፍሯል። የእናቷ ታናሽ ወንድም ከእርዳታ መስጫው ሰልፍ ላይ መኪና ላይ እንደወጣ በዚያው ቀረ። ይኑር ይሙት አይታወቅም። ለእኚህ እናት ፖሊሲ ማለት ያ መኪና ነው። ጓደኛዬ «እንደሱ እንዳይደገም ነው የምማረው» አለች፤ ድምጿ ግን አልወጣላትም።

በማግስቱ 23፣ የጊዮርጊስ ቀን ነው። ብልባላ ከዐለት የተፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያኖች አሏት፤ ጊዮርጊስ አለ፣ ጨርቆስ አለ፣ አርባዕቱ እንስሳ እዚያው አካባቢ ነው፤ የአገሩ ትውፊት ሦስቱንም ለዐፄ ካሌብ ይሰጣቸዋል። ከዚያ አልፎ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ አለ። ሰው ሁሉ ላሊበላን አሥራ አንዱን አይቶ ሲመለስ እነዚህን ሳያይ መቅረቱ ያሳዝናል።

ጊዮርጊስን ለየት የሚያደርገው ንቡ ነው። ሕንጻው እንዳለቀ አምስት መንጋ ንብ መጥቶ ገባበት ይባላል፤ ንቦቹ እስከ ዛሬ አሉ፤ ማሩ ለቆዳና ለአእምሮ ሕመም ፈውስ ነው ተብሎ ይታመናል። ላስታ ከንብ ጋር ያላት ነገር የቆየ ነው፤ ንጉሥ ላሊበላንም ሲወለድ ንብ ከብቦት ነው ስሙን ያገኘው ይሏል። ከቅዳሴ በኋላ እናቷ ካህኑን ለምነው ለልጃቸው ትንሽ ማር አስቆነጠሩላት። «አእምሮዋ ሁለት ቦታ ሆኖባታል አባቴ» አሉ። ካህኑም ፈገግ ብለው «ለሁለት የተከፈለማ አእምሮ ጤነኛ ነው፤ አንድ ብቻ የሆነ ነው የሚያስቸግረን» አሉ። እኔም ድርሻዬን ላስኩ። እስካሁን ለውጥ አላየሁም።

የጉዞው ቁም ነገር የመጣው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ነው። ታላቅ ወንድሟ በዓል ስለሆነ እርሻ አልወጣም፤ ከእኛው ጋር ተቀመጠ። እስከ 8ኛ የተማረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ስለ ምረቃ ሲወራ «እኔም እኮ ተመራቂ ነኝ» አለ። እኔ ጅሏ ደስ ብሎኝ «እንኳን ደስ ያለዎት ወንድም ጋሼ! ከየት ተመረቁ?» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ከሴፍቲኔት» አለ።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

የማታውቁ ካላችሁ እንደኔ እንዳታፍሩ ልንገራችሁ። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ይዞ የተጀመረ፣ ኋላ እስከ 8 ሚሊዮን የደረሰ የመንግሥትና የለጋሾች ፕሮግራም ነው። በየዓመቱ ምግብ የሚያጥረው ቤተሰብ ችግር በመጣ ቁጥር እርዳታ ከሚጠብቅ አስቀድሞ ተመዝግቦ በየወሩ ይሰጠው ነው ሐሳቡ። ጉልበት ያለው ለአንድ ሰው ድርሻ በወር አምስት ቀን ይሠራል፤ ያ ልብ በሉ ያልኳችሁ እርከን የተሠራው በዚህ ነው። ሲጀመር የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ጉልበት የሌለው፣ እንደ ጓደኛዬ እናት ያለው፣ ሳይሠራ ይሰጠዋል። ጥሪቱ ትንሽ ከፍ ያለለት ቤተሰብ ደግሞ «ራሱን ችሏል» ተብሎ ከመዝገብ ይወጣል። ይኼ ነው «ምረቃ» የሚባለው!

ወንድም ጋሼ ለፍቶ፣ ብድር ወስዶ፣ በጎች አርብቶ ተመረቀ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጎቹ አለቁ፤ ብድሩ ቀረ። ወደ ኮሚቴው ሄዶ «መልሱኝ» ቢል «አንተ ተመራቂ ነህ፤ ኮታውም ሞልቷል» አሉት። ኮሚቴው ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ችግሩን ያውቃሉ፤ ቁጥሩ ግን ከላይ የመጣ ነው። በዚያው ሰኔ ደግሞ ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ካሰብነው ሰው እጅ እየገባ አይደለም ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቁመው ነበር፤ አገሩ ሁሉ ስለዚያ ነው የሚያወራው። (ዩኤስኤይድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል፤ ያኔ ማን ይኼን አስቦ!)

ጓደኛዬ ስለ ኮሪያ ያነበበችውን አመጣች። እ.ኤ.አ. በ1970 የኮሪያ መንግሥት ለየመንደሩ 335 ከረጢት ሲሚንቶ አደለ፤ «ለመንደራችሁ ይጠቅማል ያላችሁትን ሥሩበት» ብሎ። በማግስቱ ዓመት ጥሩ ለሠሩት መንደሮች 500 ከረጢት ሲሚንቶና አንድ ቶን ብረት ጨመረላቸው፤ ላልሠሩት ምንም አልሰጠም። «ሴማኡል» የሚሉት የገጠር ንቅናቄ አጀማመሩ እንዲህ ነበር።

ወንድም ጋሼ ስኒውን አስቀመጠ። «እዚያ የሠራ ይጨመርለታል። እኛ ዘንድ የሠራ ይወጣል» አለ።

ጓደኛዬ ወዲያው «የኛው እኮ ለውድድር አይደለም፤ የተራበ እንዳይሞት ነው። እዚያስ ሰነፍ በተባለው መንደር ውስጥ ያለች አሮጊት ምን በላች?» አለች። ተከራከሩ። ቡናው በረካ ደርሶ እነሱ ገና ናቸው። እኔ በበኩሌ ሁለቱም እውነት ሆነውብኝ ቁጭ አልኩ። በመጨረሻ ወንድሟ አንድ ነገር ጠየቃት።

«እስቲ እነዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች፤ ኮታውን ማን እንደሚያወጣና በምን እንደሚያወጣ የሚያስተምረው የቱ ነው?»

ጓደኛዬ ዝርዝሮቹን አውጥታ ቡናው ጢስ ውስጥ እንደገና አነበበቻቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ያነበበችው የኮርሶቹን ስም ነበር፤ ያን ቀን በኮርሶቹ ውስጥ የወንድሟን ጥያቄ ፈለገች። ስድስት ኪሎ ኮታው በየትኛው ቢሮ በኩል እንደሚያልፍ ታውቃለች፤ ኮሪያ ደግሞ ምረቃው ትክክል መሆን አለመሆኑን በቁጥር መፈተኛውን ትማራለች። «መንገዱን በሥራም ላውቀው እችላለሁ፤ ቁጥሩን ግን በማታ ትምህርት ደክሜ የምችለው አይመስለኝም» አለች።

እናቷ ይኼን ሁሉ ሰምተው የጠየቁት አንድ ብቻ ነው። «ቶሎ የሚያልቀው የቱ ነው?»

«የኮሪያው። ዓመት ከመንፈቅ ቢሆን ነው።»

«እንግዲያ የሚቀርበው እሱ ነው» አሉ፤ ስኒ ማጠብ ጀመሩ።

መልስ ጉዞ ላይ ወሬያችን ሁሉ ስለ ወረቀት ነበር። መሥሪያ ቤት ሲልክሽ ውል ያስፈርምሻል፤ ተመልሰሽ ይኼን ያህል ዘመን ታገለግያለሽ፤ ዋስ ትጠሪያለሽ። እኔ በደስታ «እኔ እሆንሻለሁ!» ብል ዋስ የሚሆነው የደመወዝ ደብዳቤ ያለው ነው ተባልኩ። ለጓደኛ ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ሁለት ደመወዝተኛ ያህል አይቆጠርም፤ ይኼም ፖሊሲ ነው! ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፤ ስትመለሱ የት ክፍል እንደምትመደቡ ይላል ወይስ «ወደ ሥራዋ ትመለሳለች» ብቻ ይላል? ጓደኛዬ ይህን አላነበበችም፤ ኋላ ታያላችሁ። የውጭ ዲግሪ ይዛችሁ ስትመጡ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል የአቻ ግምት እንደሚያስፈልጋችሁም አስቀድማችሁ እወቁ፤ የውጤት ማስረጃችሁን እዚያው እያላችሁ አሟሉ። አገር ውስጥ የምትማሩ ደግሞ ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መጥቷል፤ የጓደኛዬ ዘመን አልፏል።

ስለ ገንዘብ የምላችሁ «በነጻ» የሚለው ቃል አያታላችሁ። ስኮላርሺፕ የናንተን ሆድ ይችላል፤ በየወሩ ከደመወዛችሁ ላይ ለእናታችሁ የምትልኩትን ግን ማንም አይከፍልላችሁም። ጓደኛዬ ከአበሏ እየቆጠበች ልትልክ ነው ያቀደችው። የሚገርመው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ተለቆ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የላከችው በብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ዘይቱና ስኳሩም አልተኙም እንጂ!

ነሐሴ 2015 ላይ ቦሌ ሸኘኋት። እሷ ልትበር ሳምንታት ሲቀራት ሐምሌ 28 በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ስልኩም እየመጣ የሚሄድ ሆነ። ሴጆንግ እኩለ ሌሊት ሲሆን እኛ ጋ ማታ 12 ሰዓት ነው፤ በየማታው 12 ሰዓት ስልኬ ይጮሃል። «አገኘሻቸው?» ትለኛለች። አላገኘኋቸውም። ቀኑን ሙሉ ስሞክር ነው የዋልኩት፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ በሕልሜ ሁሉ እሰማው ነበር። «ሂጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። እሷ እዚያ ስታቲስቲክስ ትፈተናለች፤ እኔ እዚህ ቁጥር እደውላለሁ።

አንድ ቀን ከማላውቀው ስልክ ተደወለ። ወንድም ጋሼ ነው። ኔትወርክ አለ ሲባል ሰምቶ ከብልባላ ላሊበላ በእግሩ መጥቷል። «እናታችን ደህና ናት። ትምህርቱ አለቀ ወይ ትላለች፤ ንገሪያት» አለኝና ተቋረጠ። ያን ማታ 12 ሰዓት እስኪሆን ሰዓቴን ሳይ ነው የዋልኩት።

ወደዚያ አገር ለመሄድ ያሰባችሁ፣ መንገዱን በዕለቱ ሳትጠይቁ አትነሱ።

ጓደኛዬ በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ተመለሰች። የጻፈችው ከሴፍቲኔት ስለሚመረቁ ቤተሰቦች ነው። መሥሪያ ቤቱ እልል ብሎ ተቀብሎ በድሮው ወንበሯ አስቀመጣት፤ ደብዳቤ በጥሩ አማርኛ ትጽፋለች። ውሉ «ወደ ሥራዋ ትመለሳለች» ነው የሚለው፤ ተመልሳለች። «ተበሳጨሽ?» አልኳት። «ተበሳጭቻለሁ፤ ግን አሁን የምጽፈው ደብዳቤ የቱ ጋ ስህተት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንዳንዱንም አልጽፍም እላለሁ» አለችኝ። ዘንድሮ ለዕቅድ ክፍሉ አመልክታለች፤ መልሱን እየጠበቀች ነው።

የወንድሟን ጥያቄ ግን አልረሳችም። ኮታው ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ በጀት እየተከፈለ እንዴት እንደሚወርድ፣ የተመረቀ ሰው ችግር ሲደርስበት ለምን መመለሻ መንገድ ሊኖረው እንደሚገባ፣ አንድ ገጽ በማይሞላ ንጹሕ አማርኛ ጽፋ ሰው በእጁ ላከችለት።

መልሱ ባለፈው ወር በስልክ መጣ። ጓደኛዬ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ጽሑፍሽን ኮሚቴው ፊት ቆሜ አነበብኩላቸው» አለ ወንድም ጋሼ። «በጣም ወደዱት። ‹እንዲህ ብሎ ያስረዳን የለም› ብለው አንድ ኮፒ ለራሳቸው አስቀሩ።»

«ታዲያስ? መለሱህ?»

«ኧረ ምን ቸኮልሽ! መጀመሪያ አጨበጨቡልኝ።»